አንድ ጥያቄ ለሠላሳ ዓመት፦ የአስም ምርምር ለጀመረች ወጣት ሐኪም

ልጄ፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲሽን ጨርሰሽ ቀሪውን ዘመንሽን ለአስም ምርምር ለመስጠት መቁረጥሽን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ። «ሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር አስም ምን ቁም ነገር አለው?» የሚሉሽ ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰው አስም እንደነበረበት፣ 455 ሺህ ያህሉም በዚሁ እንደሞተ ገምቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅስልሽ)። ከሟቾቹ የሚበዙት እንደ እኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። መድኃኒቱ ግን አዲስ አይደለም፤ በአፍ ተስቦ የአየር ቧንቧን መቆጣት የሚያበርደው ቤክሎሜታዞን ለገበያ የዋለው በ1972 ነው። ለሚጠይቅሽ ሁሉ ይህንኑ ንገሪው፦ መቆጣጠሪያው ከተገኘ ሃምሳ ዓመት ባለፈው በሽታ ሰው ታፍኖ መሞት የለበትም።

ከዚህ በታች ያሉትን ምክሮች የጻፍኩት አንቺን እያሰብኩ ነው። ሁሉንም እኩል አትያዣቸው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን ደጋግመሽ አንብቢ።

1. ከሁሉ በፊት መለካት ተማሪ።

ጆን ሃቺንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1846 ስፓይሮሜትር የተባለውን የትንፋሽ መለኪያ ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቅ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አስነፍቶ ነበር፤ መርከበኛውን፣ ፖሊሱን፣ እሳት አጥፊውን፣ የትግል ስፖርተኛውን፣ ጦም አዳሪውን ሁሉ። የሳንባ አቅም ከቁመት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ያወቀው እንደዚያ ደክሞ ነው። ዛሬ መሣሪያው ኮምፒውተር ተገጥሞለታል፤ ሥራው ግን ያው ነው። በሽተኛዋ እስከ መጨረሻው ስባ፣ ባላት ኃይል ሁሉ ተንፍሳ፣ ምንም እስከማይቀራት እንድትገፋ ማድረግ የአንቺ ፈንታ ነው። ቢያንስ ሦስት በደንብ የተነፉ ትንፋሾች ካላገኘሽ፣ ከእነርሱም የላቁት ሁለቱ ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ ከተራራቁ፣ ቁጥሩን አትቀበይው። ይህን ሥራ ለሌላ ትተሽ ቢሮ አትግቢ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራስሽ አስነፊ፤ ሰው ሲያቅተው፣ ሲያፍር፣ ሲያስለው ዓይንሽ ይመልከት።

ደግሞም የምናወዳድርበት ልክ ራሱ የኛ እንዳልሆነ እወቂ። በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ የትንፋሽ ቀመር ከብዙ አገሮች በተሰበሰበ የ74,187 ጤነኛ ሰዎች ልኬት ላይ የቆመ ነው። ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የተገኘው መረጃ ስላልበቃ ለጥቁር ሕዝብ ተብሎ የተሠራው ቀመር ከአሜሪካ ጥቁሮች የተወሰደ ሆነ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ከፍታ ተወልዳ ያደገች ገበሬ ጤነኛ ትሁን በሽተኛ የምንፈርደው በዚህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀመሩ ቢሻሻልም የኛን ጤነኛ ሰው ሳንባ በብዛትና በጥንቃቄ መለካት ገና ብዙ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። ዝና አያመጣልሽም፤ ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ግን በእርሱ ላይ ይቆማል።

2. አንድ ጥያቄ ያዢ፤ ከያዝሽው ቶሎ አትልቀቂው።

ኒው ዚላንድ ውስጥ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በድንገት አሻቀበ። ዌሊንግተን ከተማ ጁልየን ክሬን፣ ኒል ፒርስ፣ ሪቻርድ ቢስሊና ባልደረቦቻቸው የሟቾቹን መዝገብ ሲመረምሩ ፌኖቴሮል የሚባለው የሚነፋ ማስታገሻ የታዘዘላቸው በሽተኞች ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ እንደነበሩ አዩ። በ1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙት፤ ወቀሳውም ወዲያው መጣ። «መድኃኒቱ የሚሰጠው በጣም ለታመሙት ስለሆነ ነው የሞቱት» ተባሉ። ትችቱ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ እነርሱም በቁጣ አልመለሱለትም። የማነጻጸሪያ በሽተኞቹን የመረጡበትን መንገድ ቀይረው ሁለተኛ ጥናት ሠሩ፤ ሦስተኛም ጨመሩ። ውጤቱ አልተናወጠም። መድኃኒቱ ላይ ገደብ ተጣለ፤ የሟቹም ቁጥር ወረደ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ተፈጸመ ብሎ ወደ ሌላ ርዕስ በሄደ ነበር። ቢስሊ ግን ከዚያ ሥር ያለውን ትልቁን ጥያቄ ይዞ ቆየ፦ የሚያስታግሰው መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ በሽተኛው ምን ይሆናል? እንደ ቬንቶሊን ያለው ማስታገሻ የተኮማተረውን የቧንቧ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል፤ የቧንቧውን መቆጣት ግን አይነካም። በሽተኛው ተሻለኝ ብሎ ይቀመጣል፣ ውስጡ እያበጠ ይሄዳል፣ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ይሆናል። በ2019፣ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ቢስሊ የመራው ጥናት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ወጣ። ቀለል ያለ አስም ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ተመድበው፣ ባስፈለጋቸው ጊዜ መቆጣትን የሚያበርደው ቡዴሶናይድና ማስታገሻው ፎርሞቴሮል አንድ ላይ ያለበትን የሳቡት ሳልቡታሞል (ቬንቶሊን) ብቻ ከሳቡት ይልቅ በሽታው የተነሳባቸው በግማሽ ያነሰ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ለአዋቂዎችና ለአፍላ ወጣቶች ማስታገሻ ለብቻው እንዳይታዘዝ መከረ። እርግጥ መመሪያው የተለወጠው በአንድ ሰው ጥናት ብቻ አይደለም፤ በብዙ አገር ብዙ ሰው ለፍቶበታል። ይሁን እንጂ ለአንቺ የማሳይሽ የአንድ ተመራማሪ ዕድሜ ምን ያህል ሊያስጉዝ እንደሚችል ነው።

እኛ ዘንድ አሁንም በሽተኛው በቀላሉ የሚያገኘው ያንኑ ማስታገሻ ነው። የቢስሊ ጥያቄ አዲስ አበባም፣ ወልዲያም፣ ጎዴም ያለ ጥያቄ ነው።

3. ከገዛ አገርሽ የተነሳውን ጥያቄ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እወቂ።

የአስምን ሳይንስ ከውጭ የመጣልን አድርጎ የሚቆጥር ተማሪ ሳይ አዝናለሁ። ከዓለም ታላላቅ የአስም ጥያቄዎች አንዱ ጅማ ላይ ነው የተጠየቀው።

በ1989 ዴቪድ ስትራካን የተባለ ብሪታንያዊ ተመራማሪ፣ በ1958 የተወለዱ ከ17 ሺህ የሚበልጡ የብሪታንያ ልጆችን መረጃ አይቶ፣ ታላላቅ ወንድምና እህት የበዙለት ልጅ በአለርጂ የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን ጻፈ። ልጅነት ላይ ከተዋሲያን ጋር መተዋወቅ ሰውነትን ያስተምረው ይሆን? የሚለው ሐሳብ ከዚያ ተስፋፋ። ኃይሌ የማነብርሃን፣ ጆን ብሪተንና ባልደረቦቻቸው ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር 12,876 ሰዎችን አጥንተው ውጤቱን በ1997 ላንሴት ላይ አወጡ። አስም አለብኝ ያለው ሰው በከተማው 3.6 ከመቶ፣ በገጠሩ 1.3 ከመቶ ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላው ነው። በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖረው፣ በዓይን ለማይታየው ተባይ ቆዳው የሚቆጣ ሰው የበዛው በገጠር ነበር፤ ይህ የቆዳ መቆጣት ከሲር ሲር ትንፋሽ ጋር የተያያዘው ግን በከተማ ብቻ ነው። ገጠሬው አለርጂው እያለበት ደረቱ አልታፈነም። ምን ጠበቀው?

በ2001 በዚያው አካባቢ የተሠራ ተከታይ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጠ፦ በመንጠቆ ትል የተያዙ ሰዎች ላይ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ አነስ ብሎ ተገኘ። ሐሳቡ ውብ ነው። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ዓመታት ለመኖር የሰውነትን ተከላካይ ማብረድ አለበት፤ ሲያበርደው አስሙንም አብሮ ያበርድ ይሆናል። ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የብሪተን ባልደረባ የነበረው ዴቪድ ፕሪቻርድ ትሉን በገዛ ገላው ላይ ሞከረው። ቀጥሎ በጥቂት ፈቃደኞች ላይ አደጋ የማያመጣው መጠን ተፈለገ። በመጨረሻ አስም ያለባቸው 32 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ዐሥር ዐሥር የትል እጭ በቆዳቸው እንዲገባ ተደረገ፣ ግማሾቹ ለማስመሰል ያህል ብቻ። በ2010 የታተመው ውጤት፦ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም።

ቡታጅራ ላይ ደግሞ በ2005 እና በ2006 1,065 ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው፣ ልጆቻቸው በአንድ፣ በሦስትና በአምስት ዓመታቸው ተጎበኙ፤ ትሉ ከአስም በፊት መምጣት አለመምጣቱን ለማየት። አየሽ፣ ትክክለኛው የጥናት ዓይነት ይህ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ሕፃናት አንጀት የተገኘው ትል እጅግ ጥቂት ሆነና ጥያቄውን ለመመለስ አልበቃም። ለልጆቹ መልካም ዜና ነው፤ ለጥናቱ ግን ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የጻፍኩልሽ አንድ ነገር እንድታዪ ብዬ ነው። ከጅማ የተነሳው ሐሳብ ትልን የአስም መድኃኒት አላደረገም። ሆኖም እነዚያ ተመራማሪዎች አልዋሹም፦ ያማረውን ሐሳባቸውን ራሳቸው ፈተኑት፣ «አልሆነም» የሚለውንም በራሳቸው ስም አሳተሙ። አንቺም «አልሆነም» ብለሽ የምታሳትሚበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፊው። ሌላ ሰው ያንኑ መንገድ ገንዘብና ዓመታት አፍስሶ እንዳይደግመው የምታደርጊው በዚያ ነው።

4. አብሮ የተገኘን ሁሉ ምክንያት አትበይው።

ከዚያው ከቡታጅራ ጥናት ሌላ ነገር ወጣ። ፓራሲታሞል የወሰዱ ሕፃናት በኋላ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የመጀመር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰማች እናት መድኃኒቱን ልትጥለው ትችላለች። ግን ቆም ብለሽ አስቢ፤ ፓራሲታሞል የሚሰጠው ለማን ነው? ትኩሳት ላለበት፣ ጉንፋን ወደ ደረቱ ለወረደበት ልጅ። ደረቱ የሚታፈነው በጉንፋኑ ይሁን በመድኃኒቱ በክትትል ጥናት ብቻ መለየት እጅግ ይከብዳል፤ ተመራማሪዎቹ ለሕመሙ አስተካክለን አስልተናል ቢሉም። በ2016 አሜሪካ ውስጥ 300 ትንንሽ አስመኛ ልጆች በዕጣ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ተመድቦላቸው ሲታዩ አስሙን በማባባስ ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ለጋዜጠኛ መግለጫ ስትሰጪ ይህን አስታውሺ። ከአፍሽ የወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ጉራጌ ዞን ያለች እናት ቤት ይገባል።

5. ሙከራሽ ሲከሽፍ በመጀመሪያ የመረጥሻቸውን በሽተኞች መርምሪ።

ሜፖሊዙማብ የሚባለው መርፌ ኢዮሲኖፊል የተባሉትን የደም ነጭ ሕዋሳት ይቀንሳል። አስም ላለበት ሁሉ ሲሞከር እምብዛም አልረዳም፤ ብዙዎችም ተስፋ ቆረጡበት። ካናዳ ሃሚልተን ላይ የፍሬዲ ሃርግሪቭ ቡድን፣ እንግሊዝ ሌስተር ላይ ደግሞ የኢያን ፓቮርድ ቡድን በአክታ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት መቁጠር ለምደው ስለነበር፣ እነዚያ ሕዋሳት የበዙባቸውን በሽተኞች ብቻ መርጠው ሞከሩት። በ2009 ሁለቱም ቡድኖች መርፌው እንደሚሠራ አሳዩ፤ ሃሚልተን ላይ ሃያ ሰው ብቻ ነበር የተጠናው። አስም አንድ በሽታ አይደለም የሚለውን ነገር በቃል ማጥናት ቀላል ነው። እነርሱ ግን አክታ ቆጥረው ደረሱበት።

6. ሮጀር አልቱንያንን አድንቂው፤ አትከተይው።

አሌፖ ተወልዶ ያደገ፣ ራሱም አስመኛ የሆነ ሐኪም ነበር። እንግሊዝ አገር በሚሠራበት የመድኃኒት ቤተ ሙከራ፣ የሚያፍነውን ነገር ሆን ብሎ እየሳበ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሁዶችን በገዛ ሳንባው ላይ ሞከረ፤ በ1965 ክሮሞግሊኬት የተባለውን መድኃኒት አገኘ። ዛሬ እንዲህ ያለውን የትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅድልሽም፤ ደግ አደረገ። ግን አልቱንያን መታፈንን ከመጽሐፍ አልነበረም ያወቀው። አንቺ አስም ከሌለብሽ፣ ካለባቸው ጋር ብዙ ተቀመጪ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋቸው ጫፍ ቁጭ ብለው የሚያድሩትን ሰዎች ምን እንዳስፈራቸው ጠይቂ።

7. ትንሽ የሚመስለውን መፍትሔ አትናቂ።

ዛሬ አስመኛው በኪሱ የሚይዘው ፑፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ የመጣው ከአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው። አባቷ በአሜሪካ የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ ነበር፤ የአስም መድኃኒቴ ለምን እንደ ፀጉር መርጫ አይሆንም ብላ ጠየቀችው፣ በ1956 ሆነ። በ1999 ደግሞ ኬፕታውን ያለችው የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ፣ ከመድኃኒቱና ከልጁ አፍ መካከል የሚገባውን ውድ ዕቃ ግማሽ ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንደሚተካው ላንሴት ላይ አሳዩ። ጠርሙሱን ከሥሩ በስተው ፑፉን ሰኩበት፣ ክፍተቱን በማጣበቂያ አሸጉት፣ ከዚያም ፋብሪካ ከሠራው ጋር አነጻጽረው ለኩ። ብልሃቱን ያሰበ ሌላም ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለክቶ ያረጋገጠ ግን ሐኪም እንዲያዝዘው አደረገ።

በኛ አገር የምትጋፈጪው ትልቅ እንቅፋት ደግሞ ፑፍ ሱስ ያስይዛል የሚለው እምነት ነው። በሽተኛው ክኒንና መርፌ ይመርጣል፤ ፑፉን የሚያወጣው ሲጨንቀው ብቻ ነው። ይህን እምነት በምን ዓይነት ንግግር፣ በማን አንደበት መለወጥ እንደሚቻል በዕጣ መድቦ መፈተን ከማንኛውም የሞለኪውል ጥናት ያላነሰ ሳይንስ ነው። የምታስተምሪያት ነርስ ፑፉን ራሷ በትክክል መሳብ መቻሏንም አረጋግጪ።

8. ስለ አየሩ ስትጠየቂ ዝም አትበይ።

ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ ለንደን ውስጥ መኪና ከሚበዛበት መንገድ አጠገብ የምትኖር ልጅ ነበረች። በአስም ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሆስፒታል ገብታ በየካቲት 2013 በ9 ዓመቷ ሞተች። የሳውዝሃምፕተኑ ፕሮፌሰር ስቲቨን ሆልጌት የአየሩን ልኬት ከሕመሟ ቀናት ጋር አስተያይቶ ዘገባ አቀረበ፤ የመጀመሪያው የሞት ምርመራ ውሳኔ ተሻረ፤ በታኅሣሥ 2020 መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ ምክንያት እንደሆነ ወሰነ። ሆልጌት ዕድሜውን ሁሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአየር ቧንቧን ሲያጠና ኖሮ፣ በሚያስፈልግበት ቀን ሸንጎ ፊት ቆመ።

ስለ ጭስም የምትናገሪውን ለክተሽ ተናገሪ። ከሰል፣ የምጣድ ጭስ፣ የዕጣን ጢስ ሳንባን እንደሚጎዱ አትጠራጠሪ። ሆኖም ማላዊ ውስጥ 10,750 ሕፃናት የተሳተፉበት፣ በ2017 የታተመ ጥናት ንጹሕ ምድጃ ማደል ብቻውን የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከምድጃው ውጭ የሚቃጠለው ቆሻሻ፣ ትምባሆው፣ የጎረቤቱ ጭስ አለ።

9. ስምሽና መረጃሽ የት እንደሚሆኑ ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሪ።

ደሙንና አክታውን የሰበሰበው ወጣት፣ ጽሑፉ ሲወጣ ስሙ መሐል ላይ ተሰግስጎ፣ መረጃው ባሕር ማዶ ቀርቶ አይቻለሁ። ይህን የሚከላከልልሽ በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት ነው፤ ኩርፊያ አይደለም። ከውጭ ባልደረቦች ጋር መሥራትን ግን አትሽሺ። ጅማም ቡታጅራም የተሠሩት በጋራ ነው። ጥቁር አንበሳ በ2013 የጀመረው የሳንባና የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ሥልጠናም በጋራ የተመሠረተ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ አገር ውስጥ ሠልጥኖ የሚወጣ ሐኪም አልነበረንም። የአፍሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ሜኮር ለሚለው የምርምር ዘዴ ኮርስም አመልክቺ፤ ኬንያዊውንም ናይጄሪያዊውንም እዚያ ታገኚያለሽ፤ ከእነርሱ ጋር የምትመሠርቺው ወዳጅነት ከአንድ ግራንት ይልቃል። ስታቲስቲክስ አይገባኝም ብለሽ ለሌላ ሰው አትተዪ። ትምህርት ፍለጋ ውጭ አገር ብትሄጂም ሂጂ፤ ጥያቄሽን ግን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ ያለ ሰው የራሱን አይስጥሽ።

10. መነሻ ብትጠይቂኝ ቡታጅራን እመርጥልሻለሁ።

በዚያ ጥናት የተወለዱት ልጆች ዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ሆኗቸዋል። የሰው ሳንባ አቅሙ ከፍ ብሎ የሚቆምበት ዕድሜ ደግሞ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ነው። በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ሥር የሰደደ የሳንባ መዘጋት ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ችግራቸው ሳንባቸው በፍጥነት መድከሙ አልነበረም፤ በወጣትነታቸው መድረስ ከሚገባው ከፍታ ሳይደርስ ቀርቶ ነው። በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ የተመዘገቡ፣ የልጅነት ትንፋሻቸው የተጻፈ፣ የቤታቸው ማገዶ የታወቀ ወጣቶች የደረሱበትን ከፍታ መለካት የዕድሜ ልክ ሥራ መጀመሪያ ይሆናል።

መጀመሪያ ጥናቱን የመሠረቱትን ሰዎች ፈልጊና ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ከአንቺ በፊት የጀመረው ካለም ሥራውን አግዢ። የወላጆቻቸው ፈቃድ ለእነርሱ አይሠራም፣ አዋቂ ሆነዋልና እያንዳንዱን ራሱን አስፈርሚ። ብዙዎቹ ከቀያቸው ወጥተው ሊሆን ስለሚችል ለፍለጋው ከልኬቱ የበለጠ ገንዘብ መድቢ። ሁለት ስፓይሮሜትር ያዢ፣ ባለ ሦስት ሊትሩን መፈተሻ ሲሪንጅም አትርሺ፤ በየጠዋቱ የመጀመሪያው ሰው ከመንፋቱ በፊት መሣሪያውን በእርሱ ፈትሺና ውጤቱን ከነቀኑ መዝግቢ።